ሳይሸፈን አይመረቅ
በአጥቢያ ወፍጮ ቤቶች የአደጋ ሥጋትን ስለ መመዘንና ስለ መቀነስ



በክልላችን ከሚገኙት አጥቢያዎች በአንዲቱ፣ ስሟን በማልጠቅሳት፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወፍጮ ተተክሎ ነበር። በምረቃው ዕለት ጸሎት ተደርሷል፤ ጠበል ተረጭቷል፤ ምእመናንም በእልልታ ደስታቸውን ገልጸዋል። ከምረቃው በፊት የርክክቡን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነበርሁ። በቅጹ ላይ «የቺንጋ መሸፈኛ» ከሚለው አንጻር «አለ» ብዬ ፈርሜአለሁ። መሸፈኛው በእርግጥም በቦታው ነበረ።

በስምንተኛው ወር ማሽላ ሊያስፈጩ የመጡ አንዲት እናት የዱቄቱን ልመት በጣታቸው ለማየት ወደ ቋቱ ጎንበስ ሲሉ፣ የነጠላቸው ጫፍ በፑሊውና በቺንጋው መካከል ገባ። ነጠላውን ለማስለቀቅ እጃቸውን ሰደዱ። ፈጪው ሮጦ ሞተሩን እስኪያጠፋ ድረስ የሆነው ሆነ። ሕይወታቸው ተርፏል፤ ቀኝ እጃቸው ግን ከአንጓው በላይ ተቆርጧል። እኒህ እናት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ነበሩ።

በማግሥቱ ወደ ስፍራው ስደርስ መሸፈኛውን ግድግዳ ተደግፎ፣ ዱቄት ለብሶ አገኘሁት። ኮሚቴው «ፈጪው ቸልተኛ ነው» ብሎ ሊያሰናብተው ተስማምቶ ነበር። ፈጪው ግን እንዲህ አለኝ፦ «ዲያቆን፣ ኩሽኔታው በየማለዳው ግራሶ ይፈልጋል። ግራሶ ለማጠጣት መሸፈኛውን ማውረድ፣ መሸፈኛውን ለማውረድ ስድስት ቡሎን መፍታት አለብኝ። አስፈጪው ከንጋት ጀምሮ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ለአንድ ሳምንት ፈታሁ፣ አሠርሁ። ከዚያ በኋላ ተውሁት።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ በፈጪው ላይ መፍረድ አልቻልሁም። ስሕተቱ የተሠራው መሸፈኛው በተቀረጸበት ቀን ነው። ግራሶ የሚጠጣው ጡት ከመሸፈኛው ውስጥ እንዲቀር ያደረገው ሠሪ፣ ይህን ሳይጠይቅ የተረከበው ኮሚቴ፣ «አለ» ብሎ የፈረመው ይህ ጸሐፊ በስሕተቱ ድርሻ አለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው፤ የወፍጮ ቤት ደኅንነት በአብዛኛው የሚወሰነው ወፍጮው ሲመረጥ፣ ሲታዘዝና ሲተከል መሆኑን ማሳየት፣ ኮሚቴዎቻችንም ይህን ውሳኔ በእውቀት እንዲወስኑ የሚረዳ መንገድ ማቅረብ።

የቤቱ ጣሪያና የተከፈተው ጉድጓድ

ነገሩ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ትእዛዙ የተሰጠው ለቤት ሠሪው መሆኑን ልብ እንበል። ጣሪያ ላይ የሚወጣው እንግዳ «ተጠንቀቅ» አልተባለም። መከታው ቤቱ ሲሠራ አብሮ ይሠራል፤ ሰው ከመውደቁም ይቀድማል። እንዲሁም በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ቁጥር 33 እና 34 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው በውስጡ ለወደቀው በሬ ወይም አህያ ይከፍላል። በሬው ቀስ ብሎ መራመድ ነበረበት የሚል ክርክር አልቀረበም።

ቺንጋው ያልተሸፈነ ወፍጮ ያልተከደነ ጉድጓድ ነው። ልዩነቱ ጉድጓዱ በቦታው ሲቆይ ቺንጋው የሚሮጥ መሆኑ ነው። ምን ያህል እንደሚሮጥ እናስላ። በደቂቃ 1450 ዙር በሚዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፑሊ ቢገጠም፣ ቺንጋው በአንድ ሴኮንድ 15 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህም በሰዓት ወደ 55 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍጥነት ነው። ሰው ልብሱ መያዙን ተረድቶ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ እስኪጀምር ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። በዚያች ሩብ ሴኮንድ ቺንጋው ከ3 ሜትር ከግማሽ በላይ ሄዷል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው፤ ልብስ አንዴ ከተያዘ በኋላ ንቃትም ጉልበትም አያድንም። ማዳን የሚቻለው ከመያዙ በፊት ብቻ ነው።

ሦስቱ ደረጃዎችና ቅደም ተከተላቸው

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 12100 የተባለ ደረጃ የማሽኖችን የአደጋ ሥጋት ስለ መመዘንና ስለ መቀነስ የሚናገር ነው። ሰነዱ የተጻፈው ለመሐንዲሶች ቢሆንም ዋናው ሐሳብ ለማንኛውም ኮሚቴ ግልጽ ነው። ሥጋትን ለመቀነስ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም ሊዛነፍ አይገባም።

የመጀመሪያው የአደጋውን ምንጭ ከሥሩ ማስወገድ ነው። ለምሳሌ ሞተሩና ቺንጋው ሰው ከሚቆምበት ክፍል በግድግዳ ተለይተው ቢቀመጡ፣ አስፈጪው ከቺንጋው ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ሞተሩ ከወፍጮው ጋር በቀጥታ የተያያዘበት፣ ቺንጋ የሌለው ወፍጮም ይገኛል።

ሁለተኛው ሊወገድ ያልቻለውን የአደጋ ምንጭ መከለል ነው። የቺንጋ መሸፈኛ፣ የበር ቁልፍ፣ በድንገት የሚያጠፋ መቁረጫ ከዚህ ይመደባሉ።

ሦስተኛው ከሁለቱ በኋላ ስለሚተርፈው ሥጋት ሰውን ማስተማርና ማስጠንቀቅ ነው። የግድግዳ ጽሑፍ፣ ሥልጠና፣ የፈጪው የሥራ ልብስ ከዚህ ይገባሉ።

የብዙዎቻችን ልማድ ከሦስተኛው ጀምሮ በሦስተኛው መጨረስ ነው። «ወደ ማሽኑ መጠጋት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ እንለጥፋለን፤ ኃላፊነታችንንም የተወጣን ይመስለናል። ነገር ግን ወደ አሶሳና ባምባሲ ወፍጮ ቤቶች የሚመጣውን ሕዝብ እናስተውል። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አሉ፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከወሎ የመጡት የሰፋሪዎች ቤተሰቦች አሉ፤ ከሱዳን የተሰደዱም አሉ። ብዙዎቹ አማርኛ አያነቡም፤ አንዳንዶቹም ምንም አያነቡም። የሚያነበውም ቢሆን ልጅ አዝሎ፣ ጆንያ ተሸክሞ፣ በጩኸትና በዱቄት ብናኝ መካከል ሲቆም ግድግዳ አያይም። ጽሑፉ ይኑር፤ ነገር ግን የመከታውን ቦታ አይተካም።

ሥጋትን እንዴት እንመዝናለን?

ከመመዘን በፊት ሁለት ቃላትን እንለይ። «የአደጋ ምንጭ» የምንለው ሊጎዳ የሚችለውን ነገር ነው፤ የሚዞረው ፑሊ፣ ያልተሸፈነው ሽቦ፣ የናፍጣው ጭስ። «ሥጋት» የምንለው ደግሞ ከዚያ ምንጭ የሚመጣው ጉዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነና የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ በአንድነት ሲታይ ነው። ግድግዳ ያገደው ቺንጋና በሰልፍ መካከል ያለ ቺንጋ አንድ ዓይነት የአደጋ ምንጭ ናቸው፤ ሥጋታቸው ግን የተለያየ ነው።

ኮሚቴው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን መርጦ ሰልፍ በሚበዛበት ቀን ግማሽ ቀን በወፍጮ ቤቱ ያሳልፍ። ከተመረጡት አንዷ ዘወትር የምታስፈጭ ሴት ብትሆን መልካም ነው፤ ወንዶች የማናየውን ታያለችና። ፈጪውም ከተመዛኞች ሳይሆን ከመዛኞች ጋር ይቀመጥ። የሚመለከቱት የፈጨታውን ሰዓት ብቻ አይሁን። ማለዳ ማሽኑ ሲነሣ፣ እህል ሲፈስ፣ ቋት ሲጠረግ፣ ድንጋይ ሲወቀር፣ ቺንጋ ሲለወጥ፣ መብራት ሲጠፋና ሲመለስ ማን የት እንደሚቆምና እጁን የት እንደሚያስገባ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ አደጋው የሚያደባው ከተለመደው ሥራ ውጪ ባሉት በእነዚህ ጊዜያት ነው።

ከዚያም ለእያንዳንዱ የአደጋ ምንጭ ሁለት ቁጥር ይሰጥ። ለጉዳቱ ክብደት፦ 1 ቀላል ቁስል፣ 2 ሕክምና የሚያስፈልገው ወይም ቀስ በቀስ ጤናን የሚጎዳ፣ 3 አካል የሚያሳጣ ወይም የሚገድል። ለመድረስ ዕድሉ፦ 1 አልፎ አልፎ፣ 2 በየወሩ ሊያጋጥም የሚችል፣ 3 በየቀኑ። ሁለቱ ይባዙ። ባልተሸፈነ ቺንጋ አጠገብ ሰልፈኛ የሚቆም ከሆነ 3 በ3፣ 9 ይሆናል። ወፍጮው ተከፍቶ ሲጸዳ መብራት ቢመለስ 3 በ2፣ 6 ነው። የዱቄት ብናኝ 2 በ3፣ 6 ነው። በፈሰሰ እህል ላይ መንሸራተት 1 በ3፣ 3 ነው። የወፍጮው ድንጋይ ፈንድቶ መበተን 3 በ1፣ እርሱም 3 ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መንሸራተትና የድንጋይ መፈንዳት በቁጥር እኩል ሆነዋል፤ በእውነት ግን እኩል አይደሉም። ስለዚህ አንድ ሕግ እንጨምር፤ በክብደቱ 3 ያገኘ ማንኛውም ነገር የመድረስ ዕድሉ ትንሽ ቢሆንም መፍትሔ ሳይበጅለት አይታለፍ። ቁጥሩ የሚጠቅመን የቱን እንደምናስቀድም ለመወሰን ነው። የሰው ሕይወት ያለበትን ለመተው ምክንያት አይሆነንም።

መሸፈኛው እንዴት ይሠራ?

የቺንጋው መሸፈኛ ሁለቱንም ፑሊዎችና ሁለቱንም የቺንጋ ጎኖች ከላይ እስከ ታች የሚከልል ይሁን። በተለይ ቺንጋው ወደ ፑሊው የሚገባበት ማዕዘን ዋናው ነካሽ ነው። ከላሜራ ቢሠራ ይጠነክራል። ቺንጋው እንዲታይና ሞተሩ እንዲተነፍስ ከሽቦ መረብ ከተሠራ ደግሞ የመረቡ ዓይንና ከቺንጋው ያለው ርቀት አብረው መታየት አለባቸው። ስለ መጠበቂያ ርቀት የሚናገረው አይ.ኤስ.ኦ. 13857 እንደሚያስቀምጠው፣ የመረቡ ዓይን እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ካሬ ከሆነ ጣት ስለሚያስገባ መረቡ ከሚዞረው ነገር ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ዓይኑ ከ4 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ክንድ እስከ ትከሻው ሊገባ ስለሚችል ርቀቱ 85 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እነዚህ ቁጥሮች ዕድሜያቸው ከ14 ዓመት ላላነሰ ሰዎች የተሰሉ ናቸው። በወፍጮ ቤቶቻችን እናቶች ከሕፃናት ጋር ስለሚመጡ ጠባብ ዓይን ወይም ላሜራ መምረጥ ይሻላል።

መሸፈኛው ያለ ቁልፍ በእጅ ብቻ የማይፈታ ይሁን። ነገር ግን በየቀኑ መፈታት የማያስፈልገውም ይሁን። ከላይ የተረክሁት ታሪክ ትምህርት ይህ ነው። ሥራን የሚያደናቅፍ መሸፈኛ ውሎ አድሮ ይወልቃል። ከጡቱ ቀጭን ቱቦ ተስቦ የግራሶው ማጠጫ ከመሸፈኛው ውጪ ቢወጣ፣ የቺንጋው መጥበቂያ ቡሎን ከውጪ የሚደረስበት ቢሆን፣ ፈጪው መሸፈኛውን የሚያወርድበት ምክንያት አይኖረውም። ስለዚህ ሠሪውን «መሸፈኛ አለው ወይ?» ከማለት ይልቅ «በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ሁሉ መሸፈኛው ሳይነካ ይሠራል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

መብራት ሲመለስ

በጉባ ወረዳ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የኤሌክትሪክ መስመር ወደየመንደሩ በተቃረበ ቁጥር የናፍጣ ወፍጮን በኤሌክትሪክ የመለወጥ ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። ለውጡ መልካም ነው፤ ሆኖም ሁለት አዳዲስ ሥጋቶችን ይዞ ይመጣል።

አንደኛው የመብራት መቆራረጥ ነው። ኃይል ሲቋረጥ ወፍጮው ይቆማል። ፈጪው ጊዜውን ለመጠቀም ወፍጮውን ከፍቶ የታፈነውን እህል በእጁ ያወጣል። ማብሪያው ግን እንደ በራ ነው፤ መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሣል። ለዚህ መፍትሔው ኮንታክተር ያለው ማስነሻ ነው። ኮንታክተሩን አጣብቆ የሚይዘው የኤሌክትሪኩ ኃይል ራሱ ስለሆነ ኃይል ሲጠፋ ይላቀቃል፤ ኃይል ቢመለስም ሰው ቁልፉን ካልተጫነ ሞተሩ አይነሣም። በዚህ ላይ ዋናው መቁረጫ በጓጉንቸር የሚቆለፍ ይሁን። ወፍጮውን የሚከፍት ሰው አስቀድሞ ይቆልፍ፣ ቁልፉን በኪሱ ይያዝ፣ ድንጋዩም ዞሮ እስኪያበቃ ይጠብቅ። ሞተር ከጠፋ በኋላ ድንጋዩ በራሱ ክብደት ለጥቂት ጊዜ እንደሚዞር አይዘንጋ። ሞተሩና የብረት አካሉ ከመሬት ጋር በሽቦ የተያያዙ መሆናቸውንም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያረጋግጥ።

ሁለተኛው ከዓይን የተሰወረ ነው። የነበረው የናፍጣ ሞተር በደቂቃ 1000 ዙር የሚዞር ነበር እንበል። በቦታው 1450 ዙር የሚዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ተተክሎ ፑሊው ሳይለወጥ ቢቀር የወፍጮው ድንጋይ ፍጥነት በአንድ ጊዜ 1.45 እጥፍ ይሆናል። ድንጋዩን ወደ ውጪ የሚገነጥለው ኃይል ግን የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ስለዚህ ከእጥፍ በላይ፣ ወደ 2.1 እጥፍ ይደርሳል። ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ ይህን ላይሸከም ይችላል። ሠራተኛው «ዛሬስ እንዴት ፈጠነ!» ብሎ ሲደሰት ሥጋቱ አብሮ አድጓል። ስለዚህ ሞተር ሲለወጥ ድንጋዩ የሚችለው ከፍተኛ ዙር ከሠሪው በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ፑሊውም በዚያ ልክ ይለወጥ። የድንጋዩ ብረት ሽፋንም ሳይሟላ አይነሣ።

ብናኝና ጭስ

የዱቄት ብናኝ ቀስ እያለ ሳንባን ይጎዳል፤ አስምንም ያመጣል። በአየር ላይ በብዛት ሲታመቅ ደግሞ እሳት ካገኘ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1878 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ዋሽበርን የተባለው ታላቅ የዱቄት ፋብሪካ በዱቄት ብናኝ ፈንድቶ 18 ሠራተኞች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው እንደገና ሲሠራ ብናኝን የሚሰበስብ መሣሪያ ተገጥሞለታል፤ መፍትሔው ከንድፉ መጣ ማለት ነው። የእኛ ወፍጮ ቤቶች ትንንሽ ናቸው፤ ሆኖም ፊት ለፊት የሚተያዩ ሰፋፊ መስኮቶች፣ በዱቄቱ መውጫ ላይ የሚታሰር የጨርቅ ከረጢት፣ ኩራዝና ሲጋራ የማይገባበት ሥርዓት ያስፈልጋቸዋል። የናፍጣ ሞተር ካለ ጢስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ ይውጣ። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል።

የሕግ ግዴታችን

አንዳንድ ጊዜ «የቤተ ክርስቲያን ወፍጮ ነው፤ ማን ይከሰናል?» የሚል ቃል ይሰማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የማሽን ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ጉዳቱ የደረሰው ማሽኑን እንዲያንቀሳቅስ ባልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ ደግሞ አጥቢያው ነው። በቁጥር 2085 የዕቃ አምራች ዕቃው በተገቢው አገልግሎት ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ነገር ግን ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ ከሆነ አምራቹ ከኃላፊነት ሊድን ይችላል። ይህ ለእኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። የጎደለው መሸፈኛ በዓይን የሚታይ ጉድለት ነውና ዓይናችንን ጨፍነን ከተረከብን በኋላ ወደ አምራቹ መጮህ ላያዋጣን ይችላል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 92 አሠሪ የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያዝዛል። ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣትም ለሕይወቱና ለጤናው አስጊ በሆነ ሥራ እንዳይሰማራ ይጠብቀዋል። ፈጪውን «ለማገዝ» ከትምህርት ቤት መልስ ወፍጮ ቤት የሚውሉትን ልጆች በዚህ መነጽር እንያቸው።

ሲታዘዝ የሚጻፉ ስድስት ነገሮች

ወፍጮ ስናዝ በውሉ ላይ የሚከተሉት ይጻፉ። አንደኛ፣ ቺንጋውና ፑሊዎቹ ሙሉ በሙሉ እንዲሸፈኑ። ሁለተኛ፣ ግራሶ የማጠጣትና የዕለት ጽዳት ሥራ መሸፈኛው ሳይወርድ እንዲከናወን። ሦስተኛ፣ ኮንታክተር ያለው ማስነሻና የሚቆለፍ መቁረጫ እንዲገጠም፤ ማጥፊያውም ፈጪው ከሚቆምበት ቦታ እጁን ሲዘረጋ እንዲያገኘው። አራተኛ፣ የድንጋዩ ከፍተኛ ዙር በማሽኑ አካል ላይ እንዲጻፍ። አምስተኛ፣ የአስፈጪው ስፍራ ከማሽኑ በግማሽ ግድግዳ ተለይቶ፣ እህሉ በመስኮት እንዲገባና ዱቄቱ በመስኮት እንዲወጣ። ስድስተኛ፣ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው እነዚህ ተፈትሸው ሲሟሉ ብቻ እንዲሆን። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በኮሚቴው ከሌለ ከአቅራቢያ የቴክኒክና ሙያ ተቋም መምህር ቢጋበዝ ብዙ ይረዳል።

ቀድሞ ለተተከለው ወፍጮስ? አዲስ ማሽን መግዛት አያስፈልግም። መሸፈኛን ማንኛውም ጥሩ የብየዳ ባለሙያ ይሠራዋል። እስኪሠራ ድረስ ግን ያልተሸፈነው ወፍጮ ቢቆም ይሻላል። ይህ ከባድ ቃል መሆኑን አውቃለሁ። ዘዳግም ምዕራፍ 24 ቁጥር 6 ወፍጮ ነፍስ ስለሆነ በመያዣነት እንዳይወሰድ ያዝዛልና የወፍጮ መቆም ለቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ታውቃለች። ነገር ግን የሦስት ቀን መቆም ከዕድሜ ልክ ጉዳት ይቀልላል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

«እግዚአብሔር ይጠብቃል» የሚሉ አባቶቻችንንም በአክብሮት አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። እግዚአብሔር እንደሚጠብቅ እናምናለን፤ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ያዘዘውም እርሱ ራሱ ነው።

ከምረቃው ጸሎት በፊት

በመጨረሻ አንድ ልማድ እንድንጀምር ሐሳብ አቀርባለሁ። ወፍጮ ሊመረቅ ሲል፣ ጸሎቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ሞተሩ ጠፍቶና መቁረጫው ተቆልፎ ሳለ፣ የአጥቢያው አስተዳዳሪ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢና አንዲት አስፈጪ እናት ማሽኑን ይዙሩት። የነጠላቸውን ጫፍ በየአቅጣጫው ወደ ቺንጋው ለማድረስ ይሞክሩ። ከደረሰ ምረቃው ለሌላ ቀን ይተላለፍ። ካልደረሰ ደግሞ ፈጪው ግራሶ እንዲያጠጣ ይጠየቅ፤ መሸፈኛውን መፍታት ከጀመረ አሁንም ለሌላ ቀን ይተላለፍ።

በዚያች ስሟን ባልጠቀስኋት አጥቢያ መሸፈኛው እንደገና ተሠርቷል። የግራሶው ቱቦ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውጪ ወጥቷል። ፈጪው ከሥራው አልተባረረም፤ ከዚያ ወዲህ በሄድሁ ቁጥር መሸፈኛውን በቦታው አግኝቼዋለሁ። ሰበካ ጉባኤው ከወፍጮው ገቢ ለእኒያ እናት በየወሩ ድጋፍ እንዲሰጥ ወስኗል። ባለፈው ጊዜ ሳገኛቸው በግራ እጃቸው ሊጥ ሲያፈሱ ልጃቸው አክንባሎውን ታነሣላቸው ነበር። ስለ ቱቦው ነገርኋቸው። «ይቺን ታህል ነበረች?» ብለው ስንዝራቸውን በግራ እጃቸው አሳዩኝ። አዎን፣ ያችን ታህል ነበረች።